የክርስትና ስም በፖስታ አይላክም

ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል
ኖቬምበር 12 ቀን 2008

ለአክስቴ ለወይዘሮ አሰፋሽ
ደሴ

እቴቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የጦሳ ተራራ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔና ደረጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ እዚያው አረጋውያኑን የምንጦርበት ቤት ነኝ፤ ደረጄም ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው መጋዘን አልወጣም። ጆሮዎ ስልክ አልሰማም ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፉን ወድጄዋለሁ። ብቻ እንደ ተማሪዎችዎ ስህተቴን በቀይ እስክሪብቶ አርመው እንዳይመልሱልኝ።

ዛሬ የምጽፈው ደስ የሚል ወሬ ይዤ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን፤ አንድም ቀን አብረን ለእረፍት ወጥተን አናውቅም። የእኔ ሺፍት ሲያልቅ የእሱ ይጀምራል። አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው ሊፍት ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ደረጄ ታዲያ ለጃንዋሪ ርካሽ ቲኬት አገኘ፤ ለአምስት ቀን፣ ሁለታችን ብቻ። የት መሰለዎት? ስቶክሆልም፣ የስዊድን ዋና ከተማ። የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ሰው በክረምት ወደ ሞቃት አገር ይሸሻል፣ እናንተ ከበረዶ ወደ በረዶ? ይሉኛል። ደረጄ ደግሞ «ብርዱንማ ለምደነዋል፤ እኔ የምፈልገው ያለ ሥራ መበረድ ነው» ይላል።

እሱ ስቶክሆልም ሲል እኔ ያሰብኩት ግን መርዕድን ነው። ልጅዎ ደብዳቤ ከጻፈ ስንት ጊዜ ሆነው? ልጅ ሆኜ እርስዎ ዘንድ ስከርም፣ ቦርከና ሲሞላ አዝሎ ያሻገረኝ እሱ ነው። አንዴ ጫማዬ ወንዝ ገብቶብኝ የራሱን አውልቆ ሰጥቶኝ በባዶ እግሩ ዳገቱን ወጣ። አድራሻው ካለዎት ይላኩልኝ። በሩን አንኳኩቼ ጆሮውን ይዤ «እናትህ ምን አድርጋህ ነው?» እለዋለሁ።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ
ሩሃማ


ደሴ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሩሃማ፣ ለባለቤትሽም ለደረጄ፤

ጉሙን ገፎ ፀሐይ የሚያሳየን አምላክ እናንተንም በሰው አገር ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይሰንፋል እንጂ ሜዳ ላይ ማንም አይቀድመኝም። ሜዳ ግን ደሴ የት አለና።

ደብዳቤሽን አርሜዋለሁ። አምስት ስህተት አለበት፤ ለአሁኑ ምሬሻለሁ። «ሺፍት» የምትይውንም ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። ባልና ሚስት በተራ አይኖሩም፤ ሂዱ፣ አብራችሁ ክረሙ። ከብርድ ወደ ብርድ ስትሄዱ ሰው ቢስቅባችሁ ግን አይፈረድበትም።

መርዕድን ስላነሳሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቱ ካረፈ ወዲህ ያለኝ አንድ እሱ ነው፤ እዚህ ግን ስሙን የሚያነሳልኝ ሰው የለም። ይፈሩኛል። እንደምታውቂው በሰፈራችን መርዶ ሲመጣ ቀድሞ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የማረዳው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ የጎረቤቴ የቦጋለች ወንድም አዳማ ሞቶ ንጋት ላይ ሰው ሰብስቤ ገባሁባት። ሁለት ሴት በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ውሃ በጎን ይያዛል። ስለ አየሩ ትንሽ ይወራል። ከዚያ ነው የሚነገረው፤ አጭር አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። በስልክና በወረቀት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሰው ብቻውን ከተረዳ ልቡ ተሰንጥቆ ይቀራል። ታዲያ ይህን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ በልባቸው ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። እኔንስ ማን ያየኛል? ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ።

መርዕድ የመጨረሻ የጻፈልኝ በ1996 የፋሲካ ሰሞን ነው። አድራሻውን ከፖስታው ጀርባ ገልብጬልሻለሁ። ስትጠይቂ ግን «ዙበይር» በይ። የመኖሪያ ወረቀት ያገኘው በዚያ ስም ነው። «እማዬ፣ ፖስታው ላይ መርዕድ ብለሽ ከጻፍሽ አይደርሰኝም» ብሎኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ደብዳቤ ልኬ ሁለቱ ተመልሰዋል፤ አራቱ የት እንደገቡ አላውቅም።

ሰሞኑን በሕልሜ ይመጣል። ደጃፌ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። «መርዕድ፣ ግባ እንጂ» እለዋለሁ፤ አይዞርም።

የሰፈራችን ልጅ ብሩኪ ለትምህርት ወደ እናንተ ከተማ ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤና ሁለት ጥንድ የበግ ጠጉር ካልሲ ይዞላችሁ ይመጣል። አንዱ የደረጄ ነው። ሁለተኛው የመርዕድ። በእጁ ስጪው። ለምን ካልሲ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አክስትሽ
አሰፋሽ


ስቶክሆልም
ጃንዋሪ 18 ቀን 2009፣ የከተራ ዕለት

እቴቴ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። ፖስት ካርዱ ጠባብ ነውና ፊደሌ ቢያንስ አይቆጡ። ከተማው ውሃ ላይ የተሠራ ነው፤ ዳር ዳሩ በርዷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ እንደ ሻማ ያለ መብራት በየመስኮቱ ያበራሉ። ደረጄ የቀረፋ ዳቦ ሲበላ ዋለ። ከወደብ ሳይርቅ ሰምጦ ሦስት መቶ ዓመት ባሕር ውስጥ የኖረ መርከብ አውጥተው አስቀምጠዋል፤ እሱንም አየን። ሁለታችንም ሰዓት አላየንም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንዞር ዋልን።

ዋናው ወሬ ግን ይኸው፤ መርዕድን ያየሁት ይመስለኛል። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ ከማዶው መሳፈሪያ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ግራ ትከሻው ልክ እንደ ድሮው ዘንበል ብሏል። «መርዕድ» ብዬ ጮኽኩ፤ አልዞረም። ባቡር ገብቶ ከለለው። ባቡሩ ሲወጣ ማንም አልነበረም። ነገ ጠዋት ቤቱ እንሄዳለን። ደስታው ቀድሞኝ ይድረስዎ ብዬ ካርዱን አሁኑኑ ፖስታ ሳጥን ልከተው ነው።

ሩሃማና ደረጄ


(ያልተላከ)
ቶሮንቶ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2009

እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ እንደማልልከው እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ለእርስዎ ካልጻፍኩት ደግሞ ለማን እንደምጽፈው አላውቅም።

መርዕድ ሞቷል። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆነው።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት ባቡር ይዘን ሰፈሩ ሄድን። ቴንስታ ይባላል፤ እንደኛ ሬክስዴል የስደተኛ ሰፈር ነው፤ ሕንፃ ከሕንፃ አይለይም። በአድራሻው ያለውን በር የማናውቃቸው ሰዎች ከፈቱልን። «ዙበይር» ስንላቸው ጎረቤት ያለውን በር አሳዩን። እዚያ ዘሀራ የሚባሉ ትልቅ ሴት አሉ፤ የጅጅጋ ሰው ናቸው፣ አማርኛ ይናገራሉ። ፊቴን ትንሽ አዩኝና «ግንባርሽ የሱ ነው» ብለው በሩን እንደተከፈተ ትተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ገባኝ።

ጋዜጣ እያዞረ ያድል ነበር። «በዚያ በረዶ እግሩ ደርቆ አያውቅም» አሉን። «ደህና ጫማ ግዛ ስለው፣ እሺ እማማ፣ ይለኛል። ሾርባ ሳመጣለት ጫማው ከማሞቂያው ሥር ነው፣ ነገም ሳይደርቅ ያደርገዋል።» የሳንባ ምች ያዘው። ሆስፒታል ገብቶ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ዘመድ ቢፈለግ ዙበይር የሚባል ሰው ዘመድ የለውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የሙስሊም ነውና የመስጊዱ ሰዎች እንቀብረዋለን ብለው ወሰዱት። ሲያጥቡት አንገቱ ላይ ማተብ አገኙ።

እማማ ዘሀራ የነገሩን እንዲህ ነው፦ «ከፊሉ፣ ይሄ ክርስቲያን ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን እንስጠው አለ። ለየትኛው? ማን ነው ብለንስ እንስጠው? ስሙ እንኳ የሱ አይደለም። ሽማግሌው፣ ማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል፣ እኛ የምናጥበው ሰው ነው፣ አሉ። አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውለት ቀበሩት። ክሩን ለእኔ ሰጡኝ። የሱ የሆነ ሰው አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አስቀመጥኩት።» ቆየት ብለው ደግሞ «ዙበይር ብዬ ስጠራው ቶሎ አይዞርም ነበር፤ ጆሮው ይሆን እል ነበር» አሉ።

መቃብሩ ከተማው ዳር፣ ጥድ ውስጥ ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ደረጄ በእጁ ጠርጎ ጠርጎ ትንሽ የእንጨት ምልክት አገኘ፤ ዙበይር ይላል። ላለቅስ ፈልጌ አፌ ተያዘ። ሰው ሲያለቅስ ስም ይጠራል፤ እኔ በየትኛው ልጥራው? ካልሲውን ለእማማ ዘሀራ ሰጠናቸው፣ ማተቡን ሰጡን። የቀሩትን ቀኖች ሆቴል ቁጭ ብለን የማዶውን መስኮት ስናይ ጨረስናቸው። ለእረፍት የሄድን ሰዎች እንዲያ ሆነን ተመለስን።

አውሮፕላን ውስጥ ደረጄ «ጣቢያው ላይ የጠራሽውን ሰውዬ እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ። «የቆመበት ብቻ እርጥብ ነበር፤ ከጫማው ውሃ ይወርድ ነበር።» እውነት ነው እቴቴ። መሳፈሪያው ሁሉ ደረቅ ነበር፤ እሱ የቆመበት ብቻ ረጥቧል። ካርዱ ላይ ይህን አልጻፍኩልዎትም፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ያየሁት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ደረጄ «ኮል አድርጊና ንገሪያቸው» ይለኛል። መርዶ በስልክ? ጆሮዎ በማይሰማበት ስልክ «ሞቷል፣ ሞቷል» እያልኩ ልጩህ? «ለሌላ ሰው ጻፊና እነሱ ይንገሯቸው» ይላል። የሰፈሩ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው፤ የሁሉም ደብዳቤ በእርስዎ እጅ ያልፋል። ለእድሩ ዳኛ ስልክ ብደውል ደግሞ በልማድ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእርስዎን በር ነው፤ «አሰፋሽ፣ መርዶ አለ፣ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» ሊሉ። ሰፈሩን ሁሉ የምታረዳን ሴት ማን ያረዳታል?

እፈራለሁ እቴቴ።


ቶሮንቶ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2009

ለምወድዎ እቴቴ፣

በሰላም ገብተናል፤ ተመስገን ነው። ጉዞው ጥሩ ነበር። መርዕድን ግን ሳናገኘው ቀረን። ጎረቤቱ ዘሀራ የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው፤ ለሥራ ወደ ሰሜን ሄዷል አሉን። ካልሲውን ለእሳቸው ትተንላቸዋል። ጣቢያው ላይ ያየሁትም ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ከሩቅ ሁሉም ሰው ይመሳሰላል። እንዳያስቡ። ሺፍት ስለደረሰብኝ አሳጠርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ
ሩሃማ


ደሴ
የካቲት 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፤

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈታን። ካርድሽና ደብዳቤሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ካርዱን እዚያው ፖስታ ቤት በር ላይ አንብቤ፣ ጉልበቴን ረስቼ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። ደብዳቤውን ያነበብኩት ቤት ገብቼ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። የአንድ ሰው እጅ አይመስሉም።

ወደ ሰሜን ሄዷል ብለሽኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ምን እንዳለ አውቃለሁ። ጫካ ነው። ይሁን፣ ሥራ ከተገኘ ጫካም ይኬዳል። ካልሲውን ግን ለምን ወዳለበት አይልኩለትም? አድራሻውን ጎረቤቱ አያውቁትም? እንግዲያው ከእሳቸው ዘንድ አንድ ፎቶግራፍ ጠይቂልኝ። ፎቶ ከሌለ በእጁ የጻፈውን ብጣሽ ወረቀት። የዳቦና የስኳር ዝርዝር ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ጽሕፈቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ «መ» ሲጽፍ ያጋድላል፣ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤሽ ላይ በዚህኛው ጊዜ አንድም ስህተት አላገኘሁም። ተጠንቅቀሽ ነው የጻፍሽው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

በሕልሜ መምጣቱን አልተወም። አሁንማ ከደጃፉ ወደ መድረኩ ቀርቧል።

አሰፋሽ


ቶሮንቶ
ማርች 21 ቀን 2009

ለተከበሩ እቴቴ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለእማማ ዘሀራ ጽፌላቸዋለሁ፤ ፎቶም ወረቀትም የለም አሉ።

እዚህ ብርዱ አልለቀቀም፤ በረዶው ግን ከሰፈራችን ጠፍቷል፣ መንገዱም ደርቋል። አንድ ነገር ብቻ ቸግሮናል። የቤታችን ደጃፍ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ ነው የሚገኘው። ከበሩ ፊት፣ ሁለት እግር የሚቆምበት ያህል። ቧንቧ ያፈስ ይሆናል ብለን የሕንፃውን ጠጋኝ ጠራን፤ ከፍቶ አይቶ በዚህ በኩል ቧንቧ የለም ብሎ ሄደ። ደረጄ ሥራ ከመሄዱ በፊት በጨርቅ ይጠርገዋል። እሱ ሲጠርግ እኔ ጓዳ ገብቼ እቆያለሁ። ስለሱ አናወራም። ከጉዞው ወዲህ ስለብዙ ነገር አናወራም።

እቴቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያሉትን ቀሲስ ተክሌን ለመርዕድ ጸሎት እንዲያደርጉለት ጠይቄያቸው ነበር፤ መንገደኛ ስለሆነ፣ አገሩም ብርድ ስለሆነ። የክርስትና ስሙን አምጪ አሉኝ። እኔ አላውቀውም። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም። ቢልኩልኝ?

ሩሃማ


ደሴ
ሚያዝያ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሰሙነ ሕማማት

ሩሃማ፣

የክርስትና ስም በፖስታ አይላክም። በአርባ ቀኑ ታቅፌው ቆሜ ቄሱ የሰየሙትን ስም ከእኔና ከአባቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ስም ይዘው ክፉ የሚሠሩ አሉ፤ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ጠበቅኩት። ለክርስትና አባቱ እንኳ በኋላ ሲጠይቀኝ ረሳሁት ብዬዋለሁ። በሕይወት ያለ ልጅ ስም እንዲሁ በወረቀት ላይ አይጣልም።

ሌላውን ሁሉ ትቼዋለሁ። ፎቶም አልጠይቅሽም፣ ጽሕፈቱንም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ጣቢያው ላይ ያየሽው ሰው ጫማው እርጥብ ነበር ወይ?

አዎ ወይም የለም በይኝ። ሌላ አትጨምሪ።

አሰፋሽ


ቶሮንቶ
ሜይ 5 ቀን 2009

እቴቴ፣

አዎ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ። በጥር የጻፍኩትና መላክ ያቃተኝ ደብዳቤ ነው፤ ከእሱም ጋር አንድ ነገር አለ። እለምንዎታለሁ፣ ብቻዎን ሆነው እንዳይከፍቱት። በግራና በቀኝ ሰው ይኑር። ጠዋት ይሁን።

ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። ይቅር ይበሉኝ።

ሩሃማ


ደሴ
ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣ ለልጄም ለደረጄ፤

በሐዘን ቤት ደጅ የማይጠፋው መጽናናት እናንተም ዘንድ ይድረስ። እኔ አለሁ። በልቼም አድራለሁ።

ፖስታሽ ግንቦት ሃያ ደረሰኝ። የውስጡን ፖስታ አልከፈትኩትም፤ በጣቴ ግን ዳሰስኩት። ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቋጠሮ አለው፤ በወረቀቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኳቸው። ከዚያ ብርድ ልብሴ ሥር አድርጌው ሦስት ቀን ዋልኩ አደርኩ። ሰው ሲመጣ ቡና ትጠጣላችሁ ወይ እላለሁ፣ እስቃለሁም። የሰው ሆድ ስንት እንደሚችል ሌላውን ሳረዳ አይቻለሁ፤ የእኔን ግን ለክቼው አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። መጀመሪያ ቦጋለችን አንኳኳሁ። «መርዶ አለ፣ ተነሺ» አልኳት። ለምዳዋለች፤ የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ቀጥዬ የእድሩን ዳኛ አቶ ጥጋቡን፣ ከዚያ የንስሐ አባቴን፣ ከዚያ ሌሎቹን ጠራሁ። ሰባት ሆንን። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነን ጫማችንን ሳናሰማ ዳገቱን ወጣን። በየደጃፉ ሳልፍ ሰዎች ከውስጥ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ይታወቀኝ ነበር። የራሴ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

አቶ ጥጋቡ «አሰፋሽ፣ ምን ረስተሽ ነው?» አለኝ።

«እዚህ ነው» አልኩት።

ቦጋለች ናት ቀድማ የገባት፤ መጥታ በግራዬ ቆመች። ገብተን ተቀመጥን። ውሃ ያዙ። ስለ አየሩ ማውራት ቢያቅታቸው ስለ ዝናቡ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ አልኩ። ከዚያ ፖስታውን ለንስሐ አባቴ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው አነበቡና መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አጭር አድርገው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነገሩኝ። ሥራውን ያውቁታል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

አለቀስኩ፣ ልጄ። እዚህ ቤት ውስጥ ያን ያህል ድምፅ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ስለዋሸሽኝ አልቆጣሽም። እኔም ሰው ሳረዳ መጀመሪያ «ራቅ ያለ አገር ሄዷል» እላለሁ፤ ከእኔው ነው የተማርሽው። ለዘሀራ ግን ይህን ጻፊላት፦ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አይቼ ያደግኩ። ልጄን ያጠቡትን እጆች ክፉ አይንካቸው። ለቅሶው ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ለመርዕድም ለዙበይርም ብለው ዱዓ አድርገውለታል። ካልሲውን ዘሀራ ታድርገው፤ ሾርባ የወሰደለት እግሯን አይብረዳት።

ፍትሐቱ ተፈትቷል። የንስሐ አባቴ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁኝ አፌ እምቢ አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ከማን ነው የምደብቀው? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። የሞተን ሰው ማን ምን ያደርገዋል። ስሙን ነገርኳቸውና ጮክ ብለው ጠሩት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሕልሜ አልመጣም። ደጃፌ ባዶ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩን ደጋግሜ አያለሁ።

እናንተ ደጃፍ ግን ያለ ይመስለኛል። እዚህ መጠራቱን ላይሰማ ይችላል፤ እዚያ የሚያውቀው አንቺን ብቻ ነው፤ በልጅነትሽ አዝሎሻል፣ አንቺን ተከትሎ ነው የመጣው። በጨርቅ እየጠረጋችሁ አታባርሩት። አንዱ ሲጠርግ ሌላው ጓዳ አይግባ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ቁሙ። አትፍሩት፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

የክርስትና ስም በፖስታ አይላክም ብዬሽ ነበር። ይኸው ላክሁት። ገብረ ክርስቶስ ነው። ለቀሲስ ተክሌ ስጪያቸው፣ እዚያም ይጥሩት። ስቶክሆልም የምትመለሱበት ቀን ከመጣም በመቃብሩ ላይ ጥሩልኝ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ደጃፉ እርጥብ ከሆነ፣ በሩን ክፈቱና በዚህ ስም ግባ በሉት። ቶሎ ካልዞረ ድገሙት፤ ልጅ ሆኖም እንደዚያ ነበር።

አክስታችሁ
አሰፋሽ